ከተከላ በኋላ ያለው ሥራ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

ባለፉት ዓመታት በባሕር ዳር የሚገኘው የትምህርት ቤታችን ክበብ ዘገባ የሚጀምረው በክረምት በተተከሉ ችግኞች ብዛት ነበር። የዘንድሮው ግን የሚጀምረው ከብዙ ዘመን በፊት በቅለው፣ ተጨናንቀው ባደጉና ባለቤት እያላቸው ተንከባካቢ ባጡ የሐበሻ ጥዶች ነው። ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በገጠር ይዞታ ላይ ያለን ጥቅጥቅ ያለ ጥድ እንዴት ማሳሳት (ከተጨናነቁት ዛፎች ከፊሉን ቆርጦ ለቀሩት ቦታ መስጠት) እና መመልመል (ቅርንጫፉን መቁረጥ) እንደሚቻል በመማርና የተማረውን በተግባር በመፈተን ነው።

በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ «ጣና በእምቦጭ ተወርሮ ሳለ ክበቡ ደራ ድረስ ሄዶ ጥድ የሚመለምለው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን እዚህም ማስፈር ይገባኛል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ (ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት አካባቢ) ሆኖ ሲመዘገብ የታቀፈው ውኃው ብቻ ሳይሆን ዙሪያው ያለው መሬት ጭምር ነው። ጉማራና ገልዳን የመሳሰሉ ወንዞች በየክረምቱ ከተራቆተ ተዳፋት አፈር እየጠረጉ ሐይቁ ውስጥ ያስገባሉ፤ እምቦጭም ከአፈሩ ጋር የሚመጣውን ንጥረ ነገር እየተመገበ ይስፋፋል። እምቦጩን በእጅ መልቀም አስፈላጊ ነው፤ ተማሪዎቻችንም በተጠሩ ጊዜ ሁሉ ወጥተው ለቅመዋል። ሆኖም ከላይ ያለው ተዳፋት ባዶውን ከቀረ የታችኛው ድካም ማብቂያ አይኖረውም።

ሌላም ምክንያት ነበረን። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ተማሪው በየቤቱ በተበተነበት ወቅት ነው። ዛፍ የሚሳሳውና የሚመለመለው ግን በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ተማሪዎቻችን በክፍል ውስጥ ባሉበት ወቅት ነው። ለአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ከዚህ የበለጠ ከጊዜ ሰሌዳው ጋር የሚስማማ ሥራ አላገኘንም።

ጥድ ብርሃን ወዳድ ዛፍ ነው። ተጠጋግቶ ሲያድግ እያንዳንዱ ግንድ ብርሃን ፍለጋ ሳይወፍር ይረዝማል፤ የታችኛው ቅርንጫፉ ጥላ ውጦት ይደርቃል፤ ሥሩ ሣርም ቁጥቋጦም አጥቶ መሬቱ ይራቆታል፤ ዘይት ያለው ደረቅ ቅርንጫፉም በበጋ እሳት ለመያዝ የተመቸ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ተማሪዎቻችን ደጋግመው እንዲያስታውሱት የጣርነው ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው የማያቆጠቁጥ መሆኑን ነው። ባሕር ዛፍ የለመደ ገበሬ «ቁረጠው፣ መልሶ ይወጣል» ብሎ ያስባል፤ ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ የሚተካው ከዘር ብቻ ነው። ስለዚህ በጥድ ሥራ ትልቁ ሙያ የሚቀረውን ዛፍ መምረጥ ነው። ቅርንጫፉም ቢሆን አረንጓዴው እስካለበት ድረስ ብቻ ይቆረጣል፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ዳግም አያቆጠቁጥም። ይህን ለማየት ከግቢያችን መውጣት አላስፈለገንም፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው የፈረንጅ ጥድ አጥር ከዓመታት በፊት እስከ አሮጌው እንጨት ድረስ ተከርክሞ የነበረው ጎኑ ዛሬም እንደ ደረቀ እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ልምምዳችንን ያደረግነው በዚሁ አጥር ደኅነኛ ጎን ላይ ነው።

የክበቡ ሳምንታዊ ስብሰባዎች እንደ ወትሮው ረቡዕ ከሰዓት ተካሂደዋል፤ አመራር ተመርጧል፤ በሚኒ ሚዲያው ስለ አገር በቀል ዛፎች ተከታታይ መልእክቶች ቀርበዋል።

በጥር ወር ያደረግነውን ጉዞ ግን በዝርዝር ልንገራችሁ። በሚኒባስ ደራ ውስጥ እስካለችው ሐሙሲት ከተማ ከተጓዝን በኋላ በእግራችን ወደ አንድ አዛውንት ገበሬ ይዞታ ወጣን። አዛውንቱ የአንዲት የክበባችን አባል አያት ናቸው። ከማሳቸው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አባታቸው በወሰን የተከሏቸውና ወፎች በበተኑት ዘር በመካከላቸው የበቀሉት ጥዶች ሰው አላስገባ ብለው ገጥመዋል። ጥድ ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በአገሪቱ የደን ሕግ ልዩ ጥበቃ ከተደረገላቸው ዛፎች አንዱ መሆኑን ስለሰሙ አዛውንቱ በራሳቸው ይዞታ ላይ እንኳ አንዲት ቅርንጫፍ ለመንካት ሲፈሩ ኖረዋል። በእኔ እምነት ብዙ የገጠር ጥድ አስታዋሽ ያጣው በእንዲህ ያለ ፍርሃት ነው። ከጉዟችን በፊት ከቀበሌው የጽሑፍ ፈቃድ አውጥተናል፤ የልማት ሠራተኛውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ነበሩ።

የመጀመሪያው ሥራ ምልክት ማድረግ ነበር። ለመቆረጥ የታጩትን ዛፎች ተማሪዎቹ በኖራ ያቀልማሉ፤ አዛውንቱ ይስማማሉ ወይም ይከለክላሉ። የታመሙት፣ የተጣመሙትና ሌላውን የተጫኑት ያለ ክርክር ተቀለሙ። በተዳፋቱ መካከል ወዳለው ቀጥ ያለና ወፍራም ጥድ ስንደርስ ግን አዛውንቱ «ይኼ ይቆረጥ፤ ለቤት ምሰሶ የሚሆን ይኼ ነው» አሉ። ባለ ኖራው ተማሪ ብሩሹን አላነሣም። ይህ ልጅ ከገጠር መጥቶ በባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከቤተሰቡ የሚያመጣ፣ በክፍልም በስብሰባም ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። «አባባ፣ ለዘር የሚያስቀምጡት ጤፍ ከምርጡ ነው ወይስ ከግርዱ?» ሲል ጠየቃቸው። «ከምርጡ ነው እንጂ ልጄ» አሉት። ልጁ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ሰማያዊ የለበሱትን ፍሬዎች አሳያቸው፤ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴው ለብቻ ዛፍ እንደሆነ፣ ይህችኛዋም ፍሬ የያዘች ሴቴ እንደሆነች፣ ምርጡን እየቆረጡ ጠማማውን ቢተዉ ነገ የሚበቅለው የጠማማው ዘር እንደሚሆን በራሱ ቋንቋ አስረዳቸው። አዛውንቱ ዛፏን ዞረው አዩአትና «እንግዲያስ ለዘር ትቆይልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ የምንሠራበትን መንገድ የሚመሩት እሳቸው ሆኑ፤ ፍሬ ያላቸውን ዛፎች ራሳቸው እየፈለጉ «ይህችም ትቅር» ይሉ ነበር። ብዙ ዘመን አስተምሬያለሁ፤ እኔ በክፍል ያስተማርኩትን አንድ ተማሪ ከአባቶቹ ዕውቀት ጋር አዋህዶ እንዲህ ሲናገር መስማት ግን እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ዛፍ የጣሉት የልማት ሠራተኛውና የመንደሩ ጎልማሶች እንጂ ተማሪዎች አይደሉም፤ ይህን ለወላጆች በግልጽ ማሳወቅ እወዳለሁ። ተማሪዎቻችን መሬት ላይ ቆመው የሚደርሱበትን ደረቅ ቅርንጫፍ በመጋዝ መለመሉ። የመበስበስ በሽታ በቁስል በኩል ወደ ግንዱ እንዳይገባ ልጡ ሳይሰነጠቅ፣ ጫፉ ሳይነካና ከአረንጓዴው አንድ ሦስተኛው እንኳ ሳይወሰድ ነበር የተሠራው። ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው ግንድ ለአጥር ቋሚነት ለባለቤቱ ተረፈ፤ ጭራሮው ሳይቃጠል ተዳፋቱን አቋርጦ እየተነጠፈ የጎርፍ መግቻ ሆነ፤ ከፊሉም ለአዳዲስ ቡቃያዎች ከከብት መከለያ ተደረገ።

ያልተሳካልንም አለ። በግቢው የዘራነው የጥድ ዘር የበቀለው ጥቂት ብቻ ነው፤ የጥድ ዘር ብዙው ባዶ ስለሚሆን ቀድሞም ዝቅተኛ ብቅለት ይጠበቃል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ የውኃ መቋረጥ ጎዳው። ለየካቲት የታቀደው ሁለተኛው ጉዞ ለመጓጓዣ ገንዘብ ባለመገኘቱ ቀርቷል። ቃል የተገባልን መሣሪያም አልደረሰልንም፤ በጥሩ ሁኔታ የሚቆርጠው መጋዛችን አንድ ብቻ ስለሆነ ተማሪዎች ተራ ጠብቀው ሠርተዋል። ለችግኝ ተከላ ዕለት ለባነርና ለቲሸርት የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ሲገኝ ቀድሞ የቆመውን ዛፍ ለመንከባከብ ለመጋዝ የሚሆን ገንዘብ የሚታጣበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል።

በመጪው ዓመት ወደዚሁ ተዳፋት ተመልሰን የተሳሳውንና ሳይነካ የተተወውን ክፍል እናወዳድራለን፤ የግንዶቹን ውፍረት በሜትር እንለካለን፤ ከሥር የበቀለውን ሣርና ቡቃያ እንመዘግባለን። በዙሪያው ያሉ ሁለት ገበሬዎችም በይዞታቸው ላይ እንድንሠራ ጠይቀውናል። ለዚህ የሚያስፈልገን የቅርንጫፍ መጋዞች፣ የቆዳ ጓንቶች፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ መስጫ ሣጥንና የሚኒባስ ኪራይ ነው። መርዳት የሚፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ዕቃውን ወይም ገንዘቡን በርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ ማስረከብ ይችላሉ፤ ሥራው በኅዳር ስለሚጀመር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቢደርሰን በወቅቱ እንጠቀምበታለን።