ወደ ታንኳ ሠሪዎቹ ከመሄድሽ በፊት

ልጄ፣

ለመመረቂያ ጥናትሽ የጣና ዳሮቹን ታንኳ ሠሪዎች፣ ነገደ ወይጦዎችን እንደመረጥሽ ስትነግሪኝ በጣም ደስ አለኝ። ትንሽም ሰጋሁ። በስልክ ካወራነው ተድበስብሶ ይቀራል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ጄምስ ብሩስን ታውቂዋለሽ። በ1770 ሰከላ ድረስ ሄዶ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊ ነው። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት አይቶ ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ለማስተባበል ብዙ ደክሟል። የሰከላ ሰው ከሁለቱም በፊት ምንጩን ያውቀውና ያከብረው ነበር። እሱን እንለፈው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ታሪኩ ነው።

ብሩስ ወይጦዎች ከአገሩ ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ሰማ። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች አስመጣ። ጠየቃቸው፤ አልመለሱለትም። ትሰቀላላችሁ ብለው ሲያስፈራሯቸውም መልስ አልሰጡም። ስለ ቋንቋው የረባ ነገር ሳያገኝ ቀረ።

እስቲ በእነሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ከሐይቁ ዳር ተወስደሽ ቤተ መንግሥት ቆመሻል። አንድ የማታውቂው ሰው የእናትሽን ቋንቋ ንገሪኝ ይልሻል፤ ገመዱ ደግሞ ተዘጋጅቷል። ማን ይናገራል?

ያ ቋንቋ ዛሬ የለም። በ1907 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ስለ ወይጦዎች ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። የተረፉት ጥቂት ቃላት ቋንቋው ከየትኛው ወገን እንደነበረ እንኳ ለመለየት አይበቁም። ይህ እኛም ሐይቁ ዳር የምንኖረው ልናዝንበት የሚገባ ነገር ነው።

ከብሩስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሌላ መንገድ የጠየቀ ሰው ነበር። ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፣ ጀርመናዊ ነው። በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። እሳቸው የአማራ አገር ሰው ናቸው፣ የመካነ ሥላሴ። በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ተጋብዘው ሄዱ፤ አብረው ተቀምጠው ሠሩ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ዛሬም ይጠቀሳል። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም በ1698 አወጣ። እውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልደበቀም፤ አባ ጎርጎርዮስን በስማቸው ጠርቶ ጻፈላቸው። እሳቸው መጻሕፍቱን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ።

ጎንደርንም አትርሺ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን በ1932 እዚያ ተቀምጦ ስለ ዛር ብዙ መዘገበ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ግን አንስቶ በምትካቸው ቅጂ ለጥፎ ሄደ። ዋናዎቹ አሁን ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ከመበላሸት ድነዋል የሚል አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1970 ራ ሁለት በተባለች የደንገል ጀልባ ከሞሮኮ ተነስቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ሲገባ፣ ደንገሉ የእኛው የጣና ነበር። አትላንቲክን ያህል ውቅያኖስ! ወይጦዎች ታንኳ የሚያስሩበት ያው ደንገል ነው። ስለዚህ ቤታቸው ስትገቢ ስለ ድህነትና ድሮ ይበሉት ስለነበረው የጉማሬ ሥጋ ብቻ ጠይቀሽ እንዳትወጪ። እሱን የጠየቃቸው ሞልቷል። ደንገሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል እንደሚደርቅ፣ አስተሳሰሩ እንዴት እንደሆነ ጠይቂ። ዳርቻው እየታረሰና እየተገነባበት ደንገሉ ሲመናመን ምን እንደሚሰማቸው ጠይቂ። በዚህ እነሱ አስተማሪዎች፣ አንቺ ተማሪ ነሽ።

የቀበሌ ሰው አስከትለሽ አትሂጂ። በመጀመሪያው ቀን መቅረጫ አታውጪ። ስማቸው እንዲጻፍ የፈቀዱትን በስማቸው ጻፊ፣ ያልፈቀዱትን ተይ። ለአማካሪሽ ከማስረከብሽ በፊት ረቂቁን አንብቢላቸው፤ ይሄ ልክ አይደለም ካሉሽ አርሚው። አንድ ቅጂም ለእነሱ ይቅር።

የደንገል ዕቃ የምገዛቸውን እናት አነጋግሬያቸዋለሁ። ልጄ ልትጠይቅዎት ትፈልጋለች ስላቸው፣ መጀመሪያ ትምጣና ቡና እንጠጣ፣ ከዚያ እናያለን አሉኝ። ቅዳሜ ገበያ ስለሚወጡ እሑድን ያዢው።

እናትሽ
ባሕር ዳር