ጄኔራል አማን የደርግ መሥራች አልነበሩም

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ባወጣችሁት የታሪክ ዓምድ ላይ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም «የደርግ መሥራች» ተብለው መጠቀሳቸው ስሕተት ስለሆነ ይህን ማረሚያ ልኬላችኋለሁ።

ደርግ በሰኔ 1966 ዓ.ም. ሲቋቋም የየክፍሉ ተወካዮች የተመረጡት ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ካለው ማዕረግ ብቻ ስለነበር ጄኔራሉ አባል የሚሆኑበት መንገድ አልነበረም። በዚያው ክረምት ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱም በሊቀመንበርነት የተቀመጡት ወጣቶቹ መኮንኖች ሠራዊቱ የሚያከብረው ስም ስለፈለጉ ነው። ጽሑፋችሁ ዘልሎ ያለፈው ያ ስም ከየት እንደመጣ ነው።

አማን በ1916 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ከሐማሴን ፀዓዘጋ ከመጡ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በጠላት ወረራ ማብቂያም የነጻነቱን ጦር ተቀላቀሉ። ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ጋርም ተሰልፈዋል። ይሁን እንጂ ወታደሩ ስማቸውን አንሥቶ የማይጠግበው ሐረር ላይ የሦስተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሳሉ በሠሩት ሥራ ነው። በ1956 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ድንበር ሲያጠቃ መክተው የመለሱት እሳቸው የሚመሩት ወታደሮች ነበሩ፤ «የበረሃው አንበሳ» የሚለው ቅጽል ስምም ከዚያ ወዲህ ተከተላቸው። በመጋቢት ወር ካርቱም ላይ የተኩስ አቁም ስምምነት ተደረሰ። ድንበሩን ተሻግረው ጠላትን በገዛ ምድሩ ለመምታት ይፈልጉ እንደነበርና ቤተ መንግሥቱ እንደከለከላቸው ይነገራል። ዝናቸው እየገነነ ሲሄድ ግን ከጦሩ አንሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አደረጓቸው፤ ለጦር አዛዥ ይህ ሹመት ይሁን ግዞት፣ አንባቢ ይፍረደው።

እንግዲህ በ1967 ዓ.ም. ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አንድ ሐሳብ ይዘው ነው። ትግርኛ ተናጋሪው ጄኔራል አሥመራ ድረስ ሄደው ከሕዝቡ ጋር በቀጥታ ተነጋግረዋል፤ የኤርትራ ጉዳይ በንግግር እንዲፈታ ይሟገቱ ነበር። 5,000 ተጨማሪ ወታደር ወደ ኤርትራ ይላክ ሲባል፣ የታሰሩት ባለሥልጣናትም ያለፍርድ ይገደሉ ሲባል አልተስማሙም። ለፖለቲካ ጨዋታ የሚያስፈልገው ተንኮል አልነበራቸው ይሆናል፤ ደርጉ እርስ በርሱ ሲሻኮት ቤታቸው ገብተው መቀመጣቸውንም እኔ እንደ ስሕተት አየዋለሁ፣ ምክንያቱም ሜዳውን ለተቃዋሚዎቻቸው ለቀቁላቸው። ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን ታንክ ቤታቸውን ሲከብብ እጃቸውን አልሰጡም፤ ሲታኮሱ በ50 ዓመታቸው ሞቱ። ያለፍርድ እንዲገደሉ አማን ያልተስማሙባቸው እስረኞችም በዚያችው ሌሊት ተረሸኑ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ደርግ የተላኩት አማን ራሳቸው ያዙት የነበረው የዚያው የሦስተኛው ክፍለ ጦር ተወካይ ሆነው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ማረሚያውን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡ፣ ከሐረር ዘመን የቀሩት አሮጌ ወታደሮችም በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን እንድትቀበሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሐረር