የስክሪን ፕሪንት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

«ቲሸርት ማተም ምን ትምህርት አለው?» የሚል ጥያቄ ዘንድሮም ከአንዳንድ ወላጆች ደርሶናል። በወላጆች ቀን የአካባቢ ጥበቃ፣ የቀይ መስቀልና የሚኒ ሚዲያ ክበባት ለብሰውት የወጡትን ከነቴራ ያየ ሰው ግማሹን መልስ አግኝቷል። ሁሉንም ያተሙት የእኛ ልጆች ናቸው። የቀረውን ግማሽ እዚህ ልመልስ።

ስብሰባችን ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ዕቅድ ወጣ፣ መዋጮ ተሰበሰበ። በፈተና ሰሞን ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ።

ዋናው ሥራችን ኢሙልሽን ላይ ነው። ኢሙልሽን በፍሬም በተወጠረ መረብ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ነው። ጨለማ ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያ ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠነክራል። ጽሑፉ በጥቁር የታተመበት ፊልም (ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ) ይደረብበትና ፀሐይ ይመታዋል። ጥቁሩ የከለለው ቦታ ስላልጠነከረ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ቀለሙ የሚያልፈው በዚያ ክፍተት ነው። ይሄ ኬሚስትሪም ፊዚክስም ነው።

ዓይነቱን ለመምረጥ ብዙ ተከራክረናል። በባይክሮሜት የሚዘጋጀው የድሮው ዓይነት ርካሽ ነው። እሱን እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ቆዳን ያስቆጣል፣ ካንሰርም ያመጣል። በጀት ጠበበ ተብሎ ለልጆች የሚሰጥ ነገር አይደለም። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ፎቶፖሊመር ደግሞ ምንም መቀላቀል አይፈልግም፤ ለወራትም ይቀመጣል። ግን ብርሃን ሲያገኝ በጣም ቶሎ ይጠነክራል። ሰዓቱ የሚቆጠርለት የዩቪ (የአልትራቫዮሌት ጨረር) መብራት ላለው ጥሩ ነው። እኛ የምንሠራው በፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። በዚያ ላይ ጥቂት ሰከንድ ማለፍ ፍሬሙን ያበላሸዋል። ስለዚህ ዲያዞ የሚባለውን መረጥን። ዲያዞ የሚጠነክረው ዝግ ብሎ ነው። ትንሽ ቢያልፍ ወይም ቢጎድል ይታገሣል። ለሚማር ልጅ የሚስማማው እሱ ነው። ችግሩ አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ በክፍል ሙቀት ከወር ከሁለት ወር በላይ አለመቆየቱ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግን ዕድሜው ይረዝማል። በፍሪጁ ውስጥ ጥግ የሰጠንን የባዮሎጂ ላብራቶሪ እናመሰግናለን። ጣሳው በደንብ የታሸገና የተቀላቀለበት ቀን የተጻፈበት ስለሆነ ማንም አይስጋ።

አሁን ወደ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ልሂድ። ፊደላችን ለስክሪን ፕሪንት አስቸጋሪ ነው። ትንንሽ ክብና ቀጭን ጭረት ይበዛበታል። ይህች ልጅ «ቋንቋ» የሚለውን ቃል በትንንሹ ደጋግማ ፊልም ላይ አሳተመች። ፍሬሙን ፀሐይ ላይ አውጥታ በየደቂቃው ካርቶን ፈቀቅ እያደረገች ረድፍ በረድፍ ሸፈነችው። ታጥቦ ሲወጣ ሁላችንም ተጠጋን። ፀሐይ ባነሰው ረድፍ ላይ በ«ቋ» ክብ ውስጥ ያሉት ሁለት ግማሽ ክቦች ታጥበው ሄደዋል። እንደዚያ ቢታተም ፊደሉ ተደፍኖ ይወጣል። ፀሐይ በበዛው ረድፍ ደግሞ ከሥር ያለችው ቀጭን ጭረት ተዘግታለች፤ «ቋንቋ» «ቀንቀ» ሆኗል። መሐል ላይ ያለው ረድፍ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። የእኛ ትክክለኛ ሰዓት እሱ ነበር።

መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ለጉብኝት ስንሄድ ያንን ፍሬም በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛው መጣች። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ፍሬሙን ወደ መስኮቱ አንስተው ረድፉን አንድ በአንድ አዩት።

«ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ደመና ሲመጣስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እንደገና እሞክራለሁ። ሰማዩ ሲቀየር ሰዓቱም ይቀየራል።»

ሠራተኞቻቸውን ጠሩና «ኑ ስሙ፣ ይቺ ልጅ ታስረዳችሁ» አሉ። አስረዳች። አዋቂዎቹ ከበዋት እየጠየቋት፣ እሷ ካርቶኑን ይዛ እየመለሰች። እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ማርክ የማይለካው ዕውቀት አለ ስል የምለው ይሄንን ነው።

ያልሆነልንም አለ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ለዘይት ነክ ቀለም የሚሆን ኢሙልሽን ሸጡልን። የእኛ ቀለም ውሃ ነክ ስለሆነ ገና በሥራ ላይ እያለ መረቡ ላይ መላላጥ ጀመረ። ውሃ የሚቋቋመውን እስክናገኝ ሳምንታት አለፉ። ከዚያ የባሰው የክፍል ጉዳይ ነው። የተቀባ ፍሬም የምናደርቅበት መጋዘን የስፖርት ዕቃም ይቀመጥበታል። ኳስ ሊወስድ የመጣ ልጅ በሩን ሲከፍት ብርሃን ይገባል፤ የተቀባው ፍሬም በሙሉ ይጠነክራል። ልጁን ማን ይወቅሰዋል? ይህን ለአስተዳደሩ በተደጋጋሚ አሳውቀናል። ግንቦት ላይ ደግሞ ሰማዩ ዳምኖ የተመራቂዎች ሥራ ዘገየ።

ለ2018 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሩ የሚቆለፍ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ፣ ቢጫ አምፖል። ከዚያ ከ350 እስከ 420 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ክልል የሚያበራ የዩቪ መብራት፤ ተራ አምፖል ይህን ሥራ አይሠራም። የመብራቱን ሳጥን ልጆቹ ራሳቸው ከጣውላ ይሠሩታል፤ ልኩም ተነስቷል። መስታወት ወይም ጣውላ ያለው ወላጅ ካለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይበል፤ እዚያው መጋዘን አጠገብ ያገኘናል።