የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ ከቦሌ እስከ ደለስ በክር

ክበባችን ዘንድሮ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከረመ። ችግኝ ተክለናል፣ የግቢያችንን ካርታም አንስተናል፤ ይህ በጠዋት ሰልፍ ላይ ስለተነገረ አልደግመውም። መጻፍ የምፈልገው ከጥር ጀምሮ ልባችንን ስለወሰደው ጥያቄ ነው።

ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አክስቷ ዋሽንግተን ዲሲ ይኖራሉ። «ሲመጡ በቀጥታ ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?» አለች። ብዙዎቹ ልጆች እዚያ ዘመድ ስላላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

መጀመሪያ በግድግዳው ካርታ ላይ በማስመሪያ ለካን። ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጣ፤ መስመሩም በቻድ፣ በማሊና በሞሪታኒያ የሚያልፍ ነበር። ቀጥሎ የቤተ መጻሕፍቱን ሉል አወረድን። የሉሉ ወገብ 94 ሴንቲ ሜትር፣ የምድር ወገብ ደግሞ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዷ ሴንቲ ሜትር ለ425 ኪሎ ሜትር ያህል ትቆማለች። ልጆቹ ክር ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥረው ሲይዙት በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያና አልጄሪያ ወጣ፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮም በስፔን ላይ አለፈ። ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 11,475 ኪሎ ሜትር ሆነ። የ12ኛ ክፍሎች በኬክሮስና በኬንትሮስ ሲያሰሉት 11,560 ገደማ አገኙ። በክር እዚህ ድረስ መጠጋታቸው በጣም አስደሰተኝ። ጠፍጣፋ ካርታ ርቀትን እንደሚያዛባ ስንት ዓመት በሰሌዳ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ክር ግን ያስረዳልኝ የለም።

ርቀቱን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው 13 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የአክስት ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራችን ደረሱልን፤ ውኃ ጥደው ቴርሞሜትር ከተቱበት። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚህ 92 ዲግሪ ላይ ፈላ፤ የአየር ግፊት ሲቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበትም ክንፉን የሚያነሳው ኃይልም ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ሙሉ መንገደኛና ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ደለስ ግን ከ100 ሜትር በታች ነው። በዚያ ላይ ከፍታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይገታል።

ብዙ ያከራከረን ሰዓቱ ነው። በበጋቸው ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ትኬት ላይ የሚጻፈው አቆጣጠር ደግሞ ከእኛ በ6 ሰዓት ይለያል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነስቶ ከነማረፊያው 17 ሰዓት የተጓዘ ሰው፣ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ በበጋ ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይወርዳል። ይህን ሁሉም ልጅ ያለ ስህተት እስኪሠራው ሦስት ረቡዕ ፈጀብን፤ አልቆጨኝም።

በሰኔ ባሕር ዳርን ሞከርን። ከቦሌ በአየር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ900 ሲካፈል 22 ደቂቃ ይሆናል። በረራው ግን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መንደርደሩ፣ መውጣቱና መውረዱ ጊዜውን ይበላዋል። በሉላችን ላይ ይህ ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ልጆቹ ክሩን አስቀምጠው ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ እንዲገዛላቸው ማመልከቻ ጽፈዋል። እኔም ፈርሜበታለሁ።