በመጋዘናችሁ ጣሪያ ላይ ተጨማሪ መቀበያ የምንሰቅለው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

የፎርክሊፍቶቻችሁን ቦታ የሚከታተለውን ሥርዓት ከተከልንላችሁ ወዲህ ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማሽኑ እዚህ ቆሞ ስክሪኑ ከግድግዳው ማዶ የሚያሳየው ለምንድን ነው?» መሣሪያው አልተበላሸም። የተሳሳትነው እኛ ነን፣ አተካከሉ ላይ።

ሥርዓቱ የሚሠራው በአልትራ ዋይድባንድ (እጅግ ሰፊ የሞገድ ክልል በሚጠቀም) ሬዲዮ ነው። ሾፌሩ የሚይዘው ምልክት ሰጪ ቢያንስ 500 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው፣ ሁለት ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ብቻ የሚቆይ ምት ይልካል፤ ርቀቱም የሚሰላው ምቱ መቀበያው ጋ ከደረሰበት ቅጽበት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ምቱ የደረሰበትን ቅጽበት በአንድ ናኖ ሰከንድ መሳት ርቀቱን በ30 ሴንቲ ሜትር መሳት ነው።

ችግሩ ምቱ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ከቆርቆሮው ጣሪያ፣ ከብረት መደርደሪያው፣ ከወለሉ እየነጠረ እንደ ገደል ማሚቶ ተደጋግሞ ይደርሳል። በጠባብ ባንድ (ጠባብ የሞገድ ክልል ብቻ በሚጠቀም) ሬዲዮ እነዚህ ማሚቶዎች ተደራርበው አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል፤ የእኛው ምት አጭር በመሆኑ ግን ለያይተን እናያቸዋለን። የመረጥነውም ለዚሁ ነው። ሆኖም በቀጥታ የሚመጣው ምት በመደርደሪያ ከተጋረደ፣ ዞሮ የመጣው ማሚቶ ከእሱ ይጎላል። መቀበያው የጎላውን ካመነ ፎርክሊፍቱ ሜትሮች ርቆ ይታያል። ሶፍትዌሩ ቀድሞ የደረሰውን እንዲፈልግ አድርገናል፤ ጨርሶ ያልደረሰውን ግን ከየት ያመጣዋል?

ኮንክሪትም የራሱ ተንኮል አለው። ሞገዱ በውስጡ ሲያልፍ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ የ20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ርቀቱን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አስረዝሞ ያሳያል። ልኬቱን የወሰድነው መጋዘኑ ባዶ ሳለ ነበር። እስከ ጣሪያ ዕቃ እንደሚሞላ ማሰብ ነበረብን፤ መጋዘን አይደል!

«ኃይሉን ጨምሩት» ያላችሁንም ሰምተናል። በዚያው የሞገድ ክልል ሌሎች አገልግሎቶች ስለሚሠሩ አይቻልም። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2002 እ.ኤ.አ. ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋ ኸርዝ ያለውን ክልል ሲፈቅድ ያስቀመጠው ገደብ፣ በ500 ሜጋ ኸርዝ ሲሰላ 37 ማይክሮ ዋት ገደማ ነው። የቢሮ ዋይፋይ 100 ሚሊ ዋት ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ በየመተላለፊያው ጫፍ መቀበያ እንጨምራለን፤ እያንዳንዱ ፎርክሊፍት የትም ይቁም የት ቢያንስ አራቱ በቀጥታ እንዲያዩት። በሾፌሩ ደረት ላይ የነበረውን ምልክት ሰጪም ወደ ማሽኑ ጣሪያ እናዛውራለን፤ የሰው ገላ ሞገዱን ይጋርዳልና። ወጪው የእኛ ነው። ከእናንተ የምንጠይቀው መደርደሪያ ስታዛውሩ አስቀድማችሁ እንድትነግሩን ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የተከላ ክፍሉ