የደከመውን እጅ አትሳቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፈው ስትሮክ የመታውን ሰው ቤታቸው ለሚያስታምሙ ቤተሰቦችና ታማሚውን ወደ ቤቱ ለሚሸኙ ሐኪሞችና ነርሶች ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴን ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ከሆስፒታል ስንወጣ የግፊት መድኃኒቷን አወሳሰድ ደጋግመው አስረዱን። ስለ እጇ ግን ማንም ምንም አላለንም።

ለክትትል ስንወስዳት የታክሲው ረዳት ሊያግዛት ብሎ የደከመ እጇን ይዞ ወደ ላይ ሳባት። ክፉ አላሰበም፤ እኛም ከአልጋ የምናስነሳት እንደዚያው ነበር። ጠያቂውም «እግዜር ይማርዎ» እያለ የሚወዘውዘው ያንኑ እጅ ነው። በሁለተኛው ወር ጋቢ ስናለብሳት መጮህ ጀመረች፤ ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። በኋላ ያየቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጣቷን ከትከሻዋ አጥንት ጫፍ ሥር አሳርፋ «ይኸው፣ ክፍተቱ አንድ ጣት ያስገባል» አለችን።

የትከሻ መጋጠሚያ እንደ ዳሌ ጥልቅ ማቀፊያ የለውም፤ ክንድን በቦታው የሚይዙት በአብዛኛው ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሲዝሉ የክንዱ ክብደት ራሱ መጋጠሚያውን ወደ ታች ይጎትተዋል። አንድ ክንድ የሰውነታችንን ክብደት 5 በመቶ ገደማ ይመዝናል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 3 ኪሎ መሆኑ ነው። በአንድ ትከሻ ብቻ 3 ኪሎ ሽንኩርት አንጠልጥሎ መዋልን አስቡት፤ ያውም ሚዛኑን ለመጠበቅ ለሚታገል ሰው።

እናቴ ወንበር ላይ ወደ ግራ ስታጋድል ከጎኗ ትራስ እንሸጉጥ ነበር። ባለሙያዋ ትራሱን አወጣችና ከክንዷ ሥር አደረገችው። ክርኗና መዳፏ ትራሱ ላይ አረፉ፤ ትከሻዋ ትንሽ ወደ ፊት መጣ፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ረገጡ። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ቀና አለች። ያን ዕለት እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አሁን ስትነሳ እጇን አንነካም። እግሮቿን ወደ ኋላ ትሰበስባለች፣ ከወገቧ ወደ ፊት ጎንበስ ትላለች፤ እኛ በደከመው ጎኗ ቆመን ወገቧን እንደግፋለን። ልብስ ስትለብስ የደከመው እጅ ይቀድማል። አንገት ላይ የሚታሰረው የክንድ ማንጠልጠያ ለመቆምና ለመራመድ ይጠቅማል፤ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ግን ክርኑ እንደታጠፈ ይደርቃል። በር ላይ ገመድ አንጠልጥላ በደህናው እጇ የታመመውን ወደ ላይ እንድትስብ የመከሩን ጎረቤቶችም ነበሩ። እባካችሁ ይህን አትሞክሩ፤ ትከሻውን ይብስ ይጎዳዋል።

ይህን ለማሳየት ማሽን አያስፈልግም። ታማሚው ከመውጣቱ በፊት አንድ ነርስ አስታማሚውን «እስቲ አስነሳት፣ ልይህ» ብትለው ብዙ ሕመም ይቀራል። ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ግፊት ለክተው ከመውጣታቸው በፊት እጁ የት እንዳረፈ ቢያዩልን መልካም ነው።

እኛ ቤት የሹራቧ ግራ እጅጌ ላይ ቀይ ክር ሰፍተንበታል። ጠያቂ ሲመጣ እህቴ በሩን ሳትከፍት «ቀኝ እጇን ነው የምትጨብጡት» ትላለች።

አንዲት አስታማሚ፣ ከየካ አባዶ