ለጌትሽ፣ ከባሕር ዳር

ጌትሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማማስ ደህና ናቸው? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ፤ ወቀሳህን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳልከኝ መቼም ሳትጠረጥር አትቀርም። አዎ፣ ጉዳይ አለኝ።

እጄ ላይ አንድ 500 ሚሊሜትር ኤፍ 8 የካሜራ ሌንስ ገብቷል። ውስጡ 4 ብርጭቆ ብቻ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የሌለው፣ ፎከሱም አፐርቸሩም (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) በእጅ የሚዞር። ሳቅ! ያንተን ለመሸከም ወዛደር ያስፈልጋል፤ ይሄ በአንድ እጅ ይነሳል።

የጎደለኝ ሌንሱን ከካሜራዬ የሚያገናኘው ቀለበት ነው፤ ከቲ-ማውንት (የሌንሱ ጥርስ) ወደ ካኖን ኢኤፍ (የካሜራዬ አፍ)። እሱን ግዛልኝ። አደራህን፣ ሻጩ «42 ነው፣ ያው ነው» ብሎ የድሮ የዜኒት ካሜራ ቀለበት እንዳያስታቅፍህ። ስፋታቸው እኩል 42 ሚሊሜትር ነው፤ የጥርሱ ርቀት ግን የቲው 0.75፣ የዜኒቱ 1 ሚሊሜትር ነው። ሲጀምር የገባ ይመስልና ወዲያው ይነክሳል፤ በግድ ካዞሩት የሌንሱን ጥርስ ይበላዋል።

ደግሞ ከመርካቶ ግማሽ ሜትር ጥቁር ከፋይ ግዛልኝ፣ የማያብለጨልጨውን። እዚህ ችግሩ ብርጭቆው ብቻ አይደለም፤ ከጣና ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን በሌንሱ በርሜል ውስጥ እየተጋጨ ፎቶውን አመድ ያስመስለዋል። ውስጡን ከፋይ አልብሰህ ፊቱ ላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል ጥቁር ካርቶን ስትጨምርበት ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል። ሙጫው ብርጭቆው ጋ እንዳይደርስ እንጂ።

የቸኮልኩት ጣና ዳር ላለው የጭምባ ረግረግ ነው። ክረምታቸውን ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች እስከ የካቲት ግድም ነው የሚቆዩት። አንተ «በ8 ከፍተህ የነጭ ወፍ ጠርዝ ሐምራዊ ይሆንብሃል» ትላለህ፤ እውነት ነው። ስለዚህ አፐርቸሩን 11 ላይ ነው የምዘጋው። ሙሉ ፀሐይ ካለ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400 ላይ 1/800 ሰከንድ ሹተር ይሰጣል፤ ማለዳ አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ እንጂ ሹተሩን ማዘግየት አያዋጣም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሩቅ ያለ ወፍ ላይ ድካም ነው፤ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት ላባውን ያቀልጠዋል፣ የፈለገው ሌንስ ቢሆን አያድንህም።

ፎከሱ ላይ ነው ትዕግስት የሚፈተነው። በ10 ሜትር የሚጠራው ቦታ አንድ ስንዝር ቢሞላ ነው፤ ምንቃሩን ከያዝክ ዓይኑ ሊያመልጥህ ይችላል። የአፐርቸሩን ቀለበት ከፍቶ በ8፣ ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉልቶ ዓይኑን መያዝ፣ ከዚያ ወደ 11 መዝጋት። የሚበር ወፍ መከተሉን ተወው። ያ ጥቁርና ነጭ ኪንግፊሸር ግን አየር ላይ ቆሞ ሲያርገበግብ ቆይቶ ይጠልቅና ዓሣውን ይዞ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ደንገል ይመለሳል። ደንገሉ ላይ ፎከስ አድርጎ እጅን ከፎከሱ ቀለበት አንስቶ መጠበቅ ነው። ሞተር ጀልባ ላይ ትራይፖድ አይታሰብም፤ ንዝረቱን በእግሩ ይዞ ይመጣል። ባቄላ የሞላ ከረጢት ጉልበት ላይ ይሻላል።

ብሩን... እንዴት ልበልህ፣ ደመወዝ እስኪወጣ ትታገሠኛለህ? ዋጋውን ብቻ ጻፍልኝ። የምትገዛው ቀለበት ጎን ላይ 3 ትንንሽ ብሎኖች መኖራቸውን ደግሞ እይ፤ እነሱ ካልጠበቁ ሌንሱ እየዞረ ቁጥሮቹ ወደ ታች ይገለበጣሉ። እንዲህ ሆኖ ከመጣ በሚቀጥለው አውቶቡስ መልሼ ነው የምልክልህ።

ያው ጠፊው ወንድምህ